«እማር ነበር»

ዘንዘልማ፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጎንደር መንገድ።

አጎትየው ያደገው ኩባ ነው። በ1970ዎቹ በሶማሊያ ወረራ አባቶቻቸው ጦር ሜዳ ከወደቁባቸውና ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት አንዱ ነበር። የወንድሙ ልጅ ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትዘጋጅ ትምህርት ቤቷ በጦርነቱ ተዘጋና እሱ ዘንድ መጣች።

ሥራ ከምትፈታ ብሎ ስፓኒሽ ያስተምራታል። ያን ዕለት የደረሱት «ይህ ቢሆን ኖሮ ይህን አደርግ ነበር» የሚባልበት የግስ እርባታ ላይ ነው። ደንቡ ቀላል ነው። መደበኛ ግስ ከሆነ በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ቢያልቅም ምንም ሳይቆረጥ መጨረሻው ላይ «ኢያ» ይጨመራል።

አብላር (መናገር)፦ አብላሪያ፣ እናገር ነበር።
ኮሜር (መብላት)፦ ኮሜሪያ፣ እበላ ነበር።
ቢቢር (መኖር)፦ ቢቢሪያ፣ እኖር ነበር።

ለ«አንተ» «ኢያስ»፣ ለ«እኛ» «ኢያሞስ»፣ ለ«እነሱ» «ኢያን» ይሆናል።

«በይ አሁን የራስሽን ተናገሪ» አላት።

«ትምህርት ቤቱ ባይዘጋ ኖሮ ኤስቱዲያሪያ» አለች። እማር ነበር።

አጎትየው ዝም አለ። እሱን ጦርነት አባቱን ነሥቶ ባሕር ማዶ ትምህርት ቤት አስገባው፤ እሷን ደግሞ ከትምህርት ቤት አስወጣት።

«ጋሼ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትሽም።» እስክሪብቶውን ተቀብሎ «ኢያ»ን ሰረዘና በቦታው «ኤ» ጻፈ። ኤስቱዲያሬ። እማራለሁ።

ወረቀት ላይ ከ«እማር ነበር» ወደ «እማራለሁ» ለመሻገር የቃሉን መጨረሻ መለወጥ ይበቃል። በአማራ ክልል በራቸው ለተዘጋ ትምህርት ቤቶች ግን ያቺን «ነበር» መሰረዝ የሚችሉት ጠመንጃ የያዙት ናቸው፤ በሁለቱም ወገን ያሉት።