አምስተኛ ወጣን

መቼም ታክሲ የሚነዳ ሰው ተሳፋሪውን በመስታወት ሰርቆ ማየት ይወዳል። አንድ ምሽት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የጫንናቸው ፈረንጅ ሽማግሌ ጭናቸው ላይ የካርቶን ሣጥን አስቀምጠው፣ መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ሣጥኑን እንደ ጨቅላ እቅፍ ያደርጉታል። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ አላስችል አለንና ጠየቅናቸው። («ጠየቅናቸው» ስንል የነዳው አንዳችን ነው። ግን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንዲት ቶዮታ በፈረቃ እየነዳን፣ ከአንድ ድስት ሽሮ እየተካፈልን ስለኖርን ማን ምን እንዳየና ማን ምን እንዳለ መለየት ከተውን ሰንብተናል። ይህቺን ያዙልን፣ በኋላ ትፈለጋለች።)

ሽማግሌው ሣጥኑን ገለጥ አደረጉልን። ውስጡ በስፖንጅ ተጠቅልላ የተኛች ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ናት። ከእውነተኛዋ 32 ጊዜ ያነሰች። ሾፌሯ ሳይቀር የራስ ቁር ደፍቶ፣ መነጽር አድርጎ ተቀምጧል። «ስሎት ካር ትባላለች» አሉን። «ቅዳሜ ቤቴ ውድድር አለ። ስምንት ሲሞላ ነው የሚያምረው፣ እኛ ሰባት ነን። ና።» ጓደኛም አለኝ አልናቸው። «ይዘኸው ና፣ መኪና አነሺ ሁልጊዜ ያንሰናል» አሉ። መኪና አንሺ ማለት ምን እንደሆነ ያኔ አልጠየቅንም።

ቅዳሜ ለታክሲ ነጂ የገበያ ቀን ነው። የቶዮታችን ኢንሹራንስ ቅዳሜ አርፋችኋል ብሎ አይምረንም። ቢሆንም ሄድን። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባምና ሃያ የምስር ሳምቡሳ ጠብሰን፣ በፎይል ጠቅልለን ይዘን ሄድን። ይሄ ሳምቡሳ ምን እንደሚያመጣ ብናውቅ ኖሮ ሙዝ ገዝተን በገባን።

ቤዝመንቱን ብታዩት! ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠረጴዛ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንድ አገር አለ። ዛፍ፣ አጥር፣ ነዳጅ ማደያ፣ ባንዲራ የሚያውለበልቡ የጥፍር ያህል ሰዎች። በመሃሉ እየተጠማዘዘ የሚሄደው መንገድ ዙሩ 21 ሜትር ነው። ባለቤቱ ጣውላውን በማሽን እየቦረቦሩ፣ በሁለት ክረምት ብቻቸውን ሠርተውታል። መንገዱ ላይ አራት ስንጥቆች ጎን ለጎን ይሮጣሉ፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ መስመር።

አሠራሯ እንዲህ ነው። መኪናዋ ከአፍንጫዋ ሥር ምላስ አላት፤ ምላሷ ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች። ከምላሷ ግራና ቀኝ በቀጫጭን የመዳብ ክር የተጎነጎነ ሹሩባ አለ (እናቶቻችን ቢያዩት «ማነው የሠራት?» ይሉ ነበር)። ሹሩባው ከስንጥቁ ዳርና ዳር የተለጠፈውን መዳብ እየዳሰሰ 12 ቮልት ለሞተሯ ያቀብላል። እጃችሁ ላይ ያለው ሽጉጥ የመሰለ ነገር ነው። ቃታውን ስትስቡ ትሮጣለች፤ ስትለቁት ሞተሩ ራሱን በራሱ ይይዛል፣ ፍሬን ማለት እሱ ነው። መሪ የለም፣ ማርቻ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ጡሩምባም የለም። ያለችው አንዲት ጣት ናት።

እኛ ታዲያ ጣት ምን ያቅታታል ብለን ነበር። ቦሌን በአራት ሰዓት ማታ ያሽከረከርን ሰዎች ነን! ባለቤቱ የድሮ መኪናቸውንና የድሮ ቃታቸውን አዋሱን፣ ሳብነው፣ መኪናችን ተወነጨፈች፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከስንጥቁ ወጥታ ነዳጅ ማደያው ጣሪያ ላይ ተሰቀለች። ሳቁ ጋብ ሲል አንዱ ሽማግሌ ሂሳብ ሠሩልን። እነሱ አንዱን ዙር በሰባት ሰከንድ ይጨርሳሉ። ይህ በሰከንድ 3 ሜትር ነው። በ32 ስታባዙት በእውነተኛ መኪና ልክ በሰዓት 345 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። «እናንተ በ345 ለመታጠፍ ሞክራችሁ ነው የወደቃችሁት» አሉን፣ እንደ ማጽናኛ።

ማግኔት አታደርጉባትም ወይ ብለን ጠየቅን፤ ኢንተርኔት ላይ አንብበን ሄደናልና። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ብዙዎቹ መኪኖች ሆዳቸው ሥር ማግኔት አላቸው፣ የፕላስቲኩ መንገድ ሐዲድ ብረት ስለሆነ ማግኔቱ መሬት ላይ ጥፍር አድርጎ ይይዛቸዋል። እዚህ ግን ሐዲዱ መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ማግኔትን አያውቀውም። የሚይዛችሁ ጎማችሁና ሻንሲው ላይ የለጠፋችኋት ቁራጭ እርሳስ ብቻ ናቸው። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ሁሉም ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ጎማ የሚያጣብቅ ፕላስተር ላይ የሚያንከባልለው። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ጠላት ናት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሳምቡሳው የሚገባው። ባለቤቱ በትህትና ደረጃው ላይ አስቀምጡት፣ በዕረፍት እንበላለን ብለውን ነበር። እኛ ግን እንግዳ አስተናጋጅ ሆነን አረፍነው። «በሞቴ አንድ ቅመሱ» የሚባለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምንል ባናውቅም በእጅ ምልክት ገባቸው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሦስት መኪኖች ያለምክንያት ኩርባ ላይ መንሸራተት ጀመሩ። ምርመራ ተደረገ። ጎማዎቹ ዘይት ዘይት ይሸታሉ። ውድድሩ ሩብ ሰዓት ቆሞ ሰባት ጡረተኞች ጎማና መንገድ ሲወለውሉ እኛ መሬት ተከፍታ ብትውጠን በወደድን። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩንም። ሳምቡሳውንም ጨረሱት።

ስለ ጨዋታው አመጣጥ ትንሽ እንበል። ፍሬድ ፍራንሲስ የሚባል እንግሊዛዊ ስካሌክስ የሚላቸውን በጠመዝማዛ የሚሄዱ የቆርቆሮ መኪኖች ይሠራ ነበር። ሞተር ከተተባቸውና እ.ኤ.አ. በ1957 ስካሌክስትሪክ ብሎ ለገበያ አቀረባቸው። አውሮራ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960 ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጉ በጣም ትናንሾቹን ይዞ ገባ፣ ጀርመኖቹ በ1963 ካሬራን አመጡ። በ60ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች በደቂቃ ሒሳብ እየከፈሉ የሚያሽከረክሩባቸው ትልልቅ አዳራሾች በየከተማው ነበሩ። ብዙዎቹ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ተዘጉ። ቤዝመንት ውስጥ የነበሩት ሰዎች ያኔ ልጆች የነበሩ ናቸው። አዳራሹ ቢዘጋባቸው አዳራሹን ቤታቸው ሠሩት።

እኛም ቢሆን መኪና ሳንሠራ አላደግንም። ሽቦ ጠምዝዘን፣ ከተጣለ ሸበጥ ጎማ ቆርጠን፣ ረጅም የሽቦ መሪ እስከ ደረታችን ድረስ አውጥተን ሰፈር ለሰፈር ነድተናል፣ ድምፁን በአፋችን እያወጣን። ኩሽኔታ ጋራዥ ለምነን፣ ጣውላ ላይ ቸንክረን ቁልቁለት ወርደናል፤ ጉልበታችን ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። ይህን ስናወራላቸው ባለ ሰማያዊ ኮፍያው ሽማግሌ ወንበራቸውን አስጠግተው ስለ ሽቦው ውፍረት ጠየቁን። ምላሱስ? መሪው ከፊት ጎማ ጋር እንዴት ይያያዛል? ወረቀት ላይ ሣልንላቸው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አሁን ወደ ማንሳቱ። ውድድሩ ሲጀመር አራት ሰው ይነዳል፣ የቀረው በየኩርባው ይቆማል። ሥራው ከስንጥቅ የወጣ መኪና አንስቶ ወደ መስመሩ መመለስ ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ዙር ሄድክ ነው ጨዋታው፣ ከዚያ መስመር ትቀይራለህ፤ አራቱንም መስመር ስትጨርስ ዙርህ ይደመራል። ኮምፒውተሩ ድልድዩ ሥር በተተከለ ዓይን ይቆጥራል። ሰዓቱ ሲያልቅ መብራት ይጠፋል (ሰፈራችንን አስታወሰን)፣ መኪናው በቆመበት ይለካል። ሕጉ አጭር ነው፦ መጀመሪያ የወደቀ መጀመሪያ ይነሳል። የራስህ ጓደኛ ይሁን፣ ቀንደኛ ተቀናቃኝህ ይሁን አትመርጥም። ዳኛ የለም። እጅህን የሚያየው ሰው የለም፣ ነጂዎቹ ሁሉ ዓይናቸው የራሳቸው መኪና ላይ ተተክሏል።

እውነቱን ለመናገር ከመንዳቱ ይልቅ ማንሳቱ ወገብ ይቆርጣል። መኪናዋ ተገልብጣ ስትመጣ በሦስት ሌሎች መኪኖች መሃል እጅህን ሰደህ፣ ቀለሟን ለይተህ፣ ምላሷን ስንጥቋ ውስጥ አግብተህ፣ ሌላውን ሳትነካ እጅህን ማውጣት አለብህ። ሁሉ በሁለት ሰከንድ። የሰባ ዓመቱ ሽማግሌዎች እንደ ወፍ ለቀም አድርገው ይመልሷታል። እኛ መጀመሪያ ላይ ሰማያዊውን መኪና ነጩ መስመር ላይ አስቀምጠን ሰው ጮኸብን።

እኛ ሁለት ሰው አንድ መኪና ነን። ሁለቱን መስመር አንዳችን፣ ሁለቱን ሌላኛችን እንነዳለን፤ የማይነዳው ያነሳል። ከሦስት መስመር በኋላ ባለቤቱ ውጤቱን ሲያነቡ እኛና ባለ ሰማያዊ ኮፍያው እኩል 63 ዙር ላይ ነን። አምስተኛና ስድስተኛ። ስለ አምስተኛነት ነው የምናወራው፣ ልብ በሉ! ዋንጫ የለው፣ ገንዘብ የለው። ግን ውስጣችን የሆነ ነገር ተቀሰቀሰ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው የሚለንን ስንሠራ፣ ወደ ግራ ሲሉን ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሉን ቀኝ ስንል የከረምን ሰዎች ነን። አንድ ነገር ላይ፣ አምስተኛም ቢሆን፣ ማሸነፍ አማረን።

የመጨረሻው ሦስት ደቂቃ። አንዳችን ቃታው ላይ፣ አንዳችን ሁለተኛው ኩርባ ላይ። የድሮው ቃታ ውስጥ ያለው ሬዚስታንስ ግሎ መዳፍ ያቃጥላል። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲቀር የሽማግሌው አረንጓዴ መኪና ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሾልካ ወጣች። በዓይን ጥቅሻ ልዩነት፣ እሷኑ ለማምለጥ ይመስል፣ የኛዋም ወጣች። ሁለቱ ጎን ለጎን በጀርባቸው ተኙ። እጃችን ተዘረጋች። አረንጓዴዋ ትቀርብ ነበር። አረንጓዴዋ ቀድማ ነበር የወደቀችው። እጃችን አለፈቻትና የኛን አነሳች። ከዚያ ተመልሳ አረንጓዴዋን አነሳች።

መብራት ሲጠፋ በሩብ ዙር በልጠናቸው ነበር።

ባለቤቱ ደብተራቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፦ አምስተኛ፣ «የታክሲዎቹ ልጆች»። ባለ ሰማያዊ ኮፍያው መጥተው ጨበጡን። «ለመጀመሪያ ቀን በጣም ጥሩ ነው» አሉን። እኛም ቀና ብለን ሳናይ አመሰገንን።

ቶዮታዋ ውስጥ እስከ ጆርጂያ ጎዳና ድረስ ዝም። ከዚያ፦

«አይተሃል?»

«ምኑን?»

«ባክህ ተው። አይተሃል።»

«እኔ የራሴን መኪና ነበር የማየው። ያነሳኸው አንተ።»

«ያነሳሁት ላንተ ነው!»

«ልመንህ እንዴ?»

ቤት እስክንገባ ቀጠለ። ሽሮው ሳይሞቅ አደረ። ማንኛችን ቃታው ላይ፣ ማንኛችን ኩርባው ላይ እንደነበርን አንነግራችሁም፤ ስንጨቃጨቅ ያደርነውም እሱን ለመለያየት ነበርና አልተሳካም። ነጂው ሲያይ ዝም ብሏል። አንሺው እጁን ያውቃል። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ስም ግን አንድ ነው።

ከወር በኋላ እንደገና ተጠራን። ይህን ጊዜ ሙዝ ይዘን ሄድን። ውድድሩ ሳይጀመር ባለ ሰማያዊ ኮፍያውን ጥግ ይዘን፣ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ እየተናገርን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርናቸው። ሽማግሌው ሰሙን፣ ሰሙን፣ ከዚያ «ሁለተኛው ኩርባ ላይ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። መኪናችንን ከእጃችን ተቀብለው ገለበጧትና የኋላ ጎማዎቿን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄ ደርቋል» አሉ። «በዚህ ጎማ ነው 84 ዙር የሄዳችሁት?» ሣጥናቸውን ከፍተው አዲስ ጥንድ ጎማ አወጡ። አጠገቡ በቀጭን ሽቦ የተጠማዘዘ፣ ያልተጨረሰ የመኪና ቅርጽ ተቀምጧል። መሪው በተሳሳተ በኩል ነው የገባው፤ አሳየናቸው።

ደብተሩን ያስተካክሉልን እንደሆነ ባለቤቱን ስንጠይቅ ባለፈው ወር ገጽ ላይ ነው፣ አሁን ስለዛሬው እናስብ ብለው ወደ መስመራችን ላኩን። ቀይ መስመር ደረሰን። ቀና ስንል ሁለተኛው ኩርባ ላይ የቆሙት ባለ ሰማያዊ ኮፍያው ናቸው፣ እጃቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርገው። አዲሱ ጎማ ይዟል ብለን ቃታውን ሳብነው። ሦስተኛው ዙር ላይ እዚያው ኩርባ ላይ ተገለበጥን። መኪናችን መንሸራተቷን ሳትጨርስ ወደ ስንጥቋ ተመልሳ ነበር።