ማክሮ እና ፈንክሽን

ሺሺንዳ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ ነበር የምንውለው። ኡስታዛችን ሎሃችን ላይ የጻፉልንን ትርጉሙን ሳናውቅ እንሐፍዝ ነበር። ግቢ ስገባ ይህንን «ሽምደዳ» እያሉ የሚስቁ አጋጠሙኝ። የሲ ቋንቋ ኮርስ ላይ ግን ኮምፒውተሩም ሳይገባው ሲገለብጥ አየሁት።

ማክሮ ይኸው ነው፤ ኮምፓይለሩ ትርጉም መፈለግ ሳይጀምር በስሙ ቦታ ሌላ ጽሑፍ ይተካል። ፈንክሽን ግን የተሰጠውን አስቀድሞ አንዴ አስልቶ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ ስታንዳርድ የላይብረሪ ፈንክሽኖች በማክሮም ጭምር እንዲቀርቡ ይፈቅዳል፤ የሰጠናቸውን ግን አንዴ ብቻ እንዲያሰሉ ያስገድዳል። «ጌትሲ» እና «ፑትሲ» ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። ማክሮ ሆነው ከመጡ የፋይሉን ፖይንተር ከአንዴ በላይ ሊያሰሉት ይችላሉ፤ ፕላስ ፕላስ ካለበት ፖይንተሩ አንድ ፋይል ዘሎ ያልፋል።

«አሰርት» ይብሳል። ምንጊዜም ማክሮ ነው፤ «ኤንዲባግ» የሚለው ስም ቀድሞ ከተሰየመ ቅንፉ ውስጥ ያለው ሁሉ አይሠራም። ፋይል መክፈቻውን እዚያ የጻፈ ተማሪ ሲሞክረው ይሠራለታል፤ ለማስረከብ ሲያዘጋጀው ፋይሉ አይከፈትም።

ለሚስቁት ወንድሞች እንግዲህ፦ መገልበጥ ነውር አይደለም። ኡስታዛችን አንድ ሐርፍ ስትዛነፍ የሚቆጡት ተፍሲሩ በኋላ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። እንደ ማክሮ ትርጉም የማይጠብቅ ግልበጣ ሌላ ነው።

«ጌትሲ» ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ «ኤፍጌትሲ»ን ተጠቀሙ። ወይም ስሙን ብቻውን በቅንፍ ክበቡት፤ ያኔ ማክሮው ይታለፍና ፈንክሽኑ ይጠራል። «አሰርት» ላይ ግን ይህ አይሠራም።