ያልተጻፈውን ዓይነት ማወቅ፦ ከሃስኬል ኮምፓይለር ታሪክ

በሞጣና በብቸና አካባቢ ግስ የሚያጠና የቅኔ ተማሪ፣ «ቀተለ» እና «ቀደሰ» በጽሕፈት አንድ መልክ እንዳላቸው ቀድሞ ይረዳል። የግዕዝ ፊደል መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ ልዩነቱ የሚገለጠው አንዱ «ይቀትል»፣ ሌላው «ይቄድስ» ሲል ነው። አዲስ ግስ ሲገጥመው የቀተለ ቤት ይሁን የቀደሰ ቤት ከአገባቡ ይመረምራል፤ አገባቡ ካልበቃው መምህሩን ይጠይቃል።

የሃስኬል ኮምፓይለርም ጸሐፊው ያልገለጸውን ዓይነት ከአጠቃቀሙ ይደርስበታል። የስልቱን መሠረት የጣሉት ሮጀር ሂንድሊ በ1969፣ ሮቢን ሚልነር በ1978 ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሚልነር ያሰበው ቋንቋ ግን ከዛሬው ሃስኬል እጅግ ጠባብ ነበር። ቋንቋው በሰፋ መጠን ኮምፓይለሩ ብቻውን የሚደርስበት እያነሰ፣ ጸሐፊው በግልጽ ሊናገረው የሚገባው እየበዛ ሄዷል።

በ2021 የወጣው ጂ ኤች ሲ 9.0 ይህን በጉልህ አሳየ። «ለማንኛውም ዓይነት» የሚለው መግለጫ በፈንክሽኑ ዓይነት ውስጥ ከቀስቱ በፊት ቢቆም ወይም በኋላ፣ የቀደሙት እትሞች ሁለቱን አስማምተው ያልፉ ነበር። የሚያስማሟቸው ፈንክሽኑን በሌላ ፈንክሽን በስውር በመጠቅለል ነው። መጠቅለሉ ግን ንጹሕ አልነበረም፦ ፍጻሜ የሌለው ስሌት ሲጠቀለል የተፈጸመ ዋጋ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ይበቃ የነበረ ስሌትም ሊደጋገም ይችላል። አዲሱ እትም ይህን ልማድ ተወ።

ውሳኔው በንድፈ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ሌሎች ናቸው። ትናንት ያለ እንከን ይተረጎም የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ውድቅ ይሆናል። ማረሚያው አንድ ተለዋዋጭ ጨምሮ መጠቅለሉን በግልጽ መጻፍ ብቻ ነው፤ ለኮዱ ደራሲ የደቂቃ ሥራ። ደራሲው የሄደበትን ኮድ የተረከበ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው፤ የስሕተት መልእክቱም የሚጠቁመው ወደ ኮዱ እንጂ ወደ ኮምፓይለሩ ለውጥ አይደለም። የኮምፓይለር ፍተሻ ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው መጥፎው ፕሮግራም እንዳያልፍ ነው፤ ደኅናው ሲከለከል የሚጮኽለት የለም።

በ2022 የወጣው 9.2.4 የቀድሞውን ባሕርይ በአማራጭነት መለሰ። በሃስኬል 2010 ደንብ ለሚተረጎሙ ፕሮግራሞች ሳይጠየቅ ይሠራል፤ ለሌሎቹ ከፋይሉ አናት አንድ መስመር ይጻፋል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ኮድ እንደነበረ ይቀራል።