«ጠግቤያለሁ»፦ አንድ ዓመት በሰው ቤት፣ በቱቢንገን

ጀርመን አገር በገባሁበት የመጀመሪያ ምሽት ተርቤ ተኛሁ። ምግብ ጠፍቶ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሁለት ዓይነት አይብ፣ በስሱ የተቆረጠ ቀዝቃዛ ሥጋና ኪያር ተደርድሮ ነበር። አንድ ቁራሽ ዳቦ እንደ ጨረስኩ የቤቱ እመቤት «ትጨምሪያለሽ?» አለችኝ። እኔም እንዳደግሁበት ወግ አንገቴን ሰበር አድርጌ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። እኛ ዘንድ ይህ ቃል የክርክሩ መጀመሪያ ነው። እናቴ ብትሆን «በሞቴ!» ትላለች፤ እኔ «ኧረ በቃኝ» እላለሁ፤ እርሷ «እንግዲያው አልወደድሽውም ማለት ነው» ብላ ትከፋለች፤ ያን ጊዜ እጄን እዘረጋለሁ። ሴትዮዋ ግን ፈገግ ብላ «መልካም» አለችና ዳቦውን ወደ ከረጢቱ፣ አይቡንም ወደ ማቀዝቀዣው መለሰችው።

ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ሌሊቱን ስበር፣ ከዚያም በባቡር በሽቱትጋርት በኩል ቱቢንገን ድረስ ስጓዝ የረባ ነገር አልቀመስኩም ነበር። ክፍሌ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ እናቴ የቋጠረችልኝን ዳቦ ቆሎ ከሻንጣዬ አወጣሁ። ድምፅ ሳያሰማ ዳቦ ቆሎ ለመብላት የሞከረ ሰው ካለ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ ያውቀዋል። እያንዳንዷ ፍሬ አፌ ውስጥ እስክትርስ እየጠበቅሁ «ጌታ ሆይ፣ ምን ልታስተምረኝ ነው እዚህ ያመጣኸኝ?» አልኩ።

ይህ የሆነው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዬም 24 ነበር። የሄድኩት «ኦ ፔር» በሚባለው መንገድ ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ሲሆን «በእኩልነት» እንደ ማለት ነው። አንዲት ወጣት (ወንዶችም ይሄዳሉ) በውጭ አገር ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖረች ልጆች ትጠብቃለች፤ ቀላል የቤት ሥራም ታግዛለች። ቤተሰቡ ደግሞ መኝታ፣ ምግብ፣ የጤና መድንና የኪስ ገንዘብ ይሰጣታል፤ እርሷም ቋንቋውንና ባህሉን ትማራለች። ወደ ጀርመን ለመሄድ ዕድሜ ከ18 ያላነሰ፣ 27 ያልሞላ መሆን ነበረበት፤ የሚፈቀደውም ቢበዛ ለአንድ ዓመት ነው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የኪስ ገንዘቡ በወር 280 ዩሮ ነበር፤ ለቋንቋ ትምህርት ደግሞ ቤተሰቡ በወር 70 ዩሮ ይጨምራል። ሥራው በሳምንት ከ30 ሰዓት መብለጥ የለበትም። መጠነኛ ጀርመንኛ ማወቅ ግድ ስለሆነ አዲስ አበባ በሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት ተምሬ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈተና አልፌ ነው የተነሣሁት።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው እንደ እናቴ የሚጨነቁ ወላጆች ስላሉ ነው። «ውጭ አገር ሰው ቤት ልትገባ ነው» ሲባል በእናቴ ፊት የመጣባት ከቤሩትና ከሪያድ ስንሰማው የኖርነው ታሪክ ነበር፤ ፓስፖርቷን የተነጠቀች፣ በር የተቆለፈባት እህት። የእኔ ጉዞ እንደዚያ አልነበረም። ፓስፖርቴ ከእጄ አልወጣም፤ የተፈረመ ውል ነበረኝ፤ ካልተስማማኝም ቤተሰብ መቀየር እችል ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ግን የነበረው ወሬ ሌላ ነው፦ «ዲግሪ ይዛ ለሞግዚትነት?» እውነቱን ልናገርና ይህ ወሬ ከእናቴ ፍርሃት ይልቅ አመመኝ። ለምን እንዳመመኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቱቢንገን በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የምትገኝ የተማሪዎች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1477 ነው። ኔካር የሚባለው ወንዝ በመካከሏ ያልፋል፤ በበጋ ወጣቶች ረጅምና ጠባብ ጀልባ በዘንግ እየገፉ ይንሸራሸሩበታል። በአሮጌው ከተማ ያሉት ቤቶች በእንጨት የተዋቀሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ከማርጀታቸው የተነሣ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለዋል። መንገዱ ዳገት ነው፤ የእንጦጦን ዳገት የለመደ እግር ግን አይቸገርም። እኔ የኖርኩት ከወንዙ ማዶ፣ ዴረንዲንገን በሚባለው ሠፈር ነው። ቀድሞ ራሱን የቻለ የገበሬዎች መንደር ነበር።

እናትየው ነርስ፣ አባትየው መምህር ናቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሴቷ ሰባት፣ ወንዱ አራት ዓመታቸው ነበር። ቋንቋ ያስተማረኝ በዋናነት የአራት ዓመቱ ልጅ ነው። የቋንቋ ትምህርት ቤቱ መምህር ስሳሳት በትሕትና ያልፈኛል፤ እርሱ ግን «ዴር»፣ «ዲ» እና «ዳስ»ን ባምታታሁ ቁጥር ማንኪያውን አስቀምጦ እስካስተካክል ይጠብቀኛል። ቆሻሻ መጣልም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የልጣጩ፣ የወረቀቱ፣ የፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ የየራሱ ነው፤ ጠርሙስ በየቀለሙ ይለያል፤ እሁድ ቀን ደግሞ ኳኳታው ስለሚረብሽ ጠርሙስ አይጣልም። እሁድ ሱቁም ዝግ ነው፤ ከተማው ሁሉ ጸጥ ይላል። ቤተ ክርስቲያን የማይረግጡ ሰዎች እሁድን እንዲህ ሲያከብሩ ማየት ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር።

የከበደኝ ግን ቆሻሻው አልነበረም። እናትየው በመጀመሪያው ቀን «በስሜ ጥሪኝ» አለችኝ። በዕድሜ ከታላቅ እህቴ በብዙ ትበልጣለች። ታላቅን ሰው በባዶ ስም፣ ያውም «አንቺ» ብሎ መጥራት አንደበቴ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለሳምንታት ምንም ብዬ አልጠራኋትም። የምነግራት ነገር ሲኖረኝ አጠገቧ ሄጄ እስክታየኝ እቆማለሁ። ምስኪን፣ ስንት ጊዜ አስደንግጫታለሁ!

ከዚያ የባሰው «እሺ» ማለቴ ነው። ለሁሉም ነገር መልሴ «እሺ» ነበር። በውሌ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ዕረፍት እንዳለኝ፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ዕረፍቴ እሁድ እንደሚሆን፣ ለአምልኮ የምሄድበት ጊዜም እንደሚሰጠኝ ተጽፏል። ፈርሜበታለሁ። ነገር ግን እናትየው የምትሠራው በፈረቃ ስለሆነ «የፊታችን እሁድ ጠዋት ልጆቹን ትይዢልኛለሽ?» አለችኝ። «እሺ» አልኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት ጠየቀችኝ፤ «እሺ»። ሽቱትጋርት በአማርኛ የሚያመልኩ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። እኔ ግን ሰባት እሁድ በተከታታይ ለሁለት ልጆች ዳቦ እየቀባሁ ዋልኩ።

ለእናቴ ስደውል «ደህና ነኝ» እላለሁ። ክፍሌ ገብቼ «ጌታ ሆይ፣ የዚህችን ሴት ልብ አራራልኝ» እያልኩ እጸልያለሁ። ሰዓቱ በአራት ቀን አንድ ጊዜ ይበልጥብኛል፤ አልናገርም። ጥቅምት ሲያልቅ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ኅዳር ላይ ከቀትር በኋላ በአሥራ አንድ ሰዓት ጨለማ ነው። ቤተሰብ እንዲቀየርልኝ የሚጠይቅ ደብዳቤ ስልኬ ላይ ጽፌ አስቀመጥኩ። አልላክሁትም፤ ግን በየማታው አውጥቼ አነበዋለሁ።

የልጆቹ አያት በየሳምንቱ ረቡዕ ይመጡ ነበር። አጥባቂ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ናቸው፤ በዚያ ቤት ከምግብ በፊት አንገቱን የሚደፋ ሰው ከእኔ ሌላ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን ምስርና ስፔትስለ የሚባለውን የአገራቸውን የሊጥ ምግብ እየሠሩ፣ «ከዚህ መንደር የወጣ ሰው አገርሽ ኖሯል፤ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1810 የተወለደው እዚያው ዴረንዲንገን፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በወንጌል መልእክተኝነት ወደ አገራችን ገብቶ ከ1839 እስከ 1842 በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀመጠ። ከወጣ በኋላ ሊመለስ ቢሞክርም አልተፈቀደለትም። በ1844 ሚስቱና ጨቅላ ልጁ ሞምባሳ ላይ አረፉበት። በስተርጅናው ለአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሕትመት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ነው። እኔ በየቀኑ ልጆቹን ወደ መዋዕለ ሕፃናት በማደርስበት መንደር ያደገ ሰው ሸዋ ተቀምጦ፣ ያልለመደውን እንጀራ እየበላ፣ በሰው አገር ወግ ሲንገዳገድ ታየኝ።

በዚያ ምሽት ስለ እርሱ ሳነብ «አንኮበር» የሚለው ስም ዓይኔ ላይ ቆመ። እኛ ቤት የነበረችው ልጅ የአንኮበር ልጅ ናት።

ስድስት ዓመት አብራን ኖራለች። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ልብሴን ያጠበችልኝ እርሷ ናት። «ሠራተኛችን» አንላትም፤ «ልጃችን ናት፣ ቤተሰብ ናት» ነበር የምንለው። የምትተኛው ወጥ ቤቱ ውስጥ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ ነው፤ የምትበላው ከእኛ በኋላ ነው። እኔ ቱቢንገን ውስጥ ቁልፍ ያለው ክፍል ተሰጥቶኛል፤ ሕጉም ያዛል። እርሷ የምትዘጋው በር አልነበራትም። ከሁሉ የከፋው ግን እሁድ ነው። እኛ ጌታን አምልከን ስንመለስ ምሳ እንዲደርስልን እሁድ ጠዋት እርሷ ቤት ትቀራለች። «ቅር ይልሻል?» ብለናት እናውቅ ይሆን? ብንጠይቃትማ መልሷ «እሺ» ነበር። በንዕማን ቤት የነበረችው ከአገሯ ተማርካ የመጣች ትንሽ ልጅ ስሟ አልተጻፈም፤ እኔም በዚያች ሌሊት የእኛይቱን ልጅ የአባት ስም ለማስታወስ ሞክሬ አቃተኝ። «ለሞግዚትነት?» የሚለው ወሬ ለምን እንዳመመኝ ያኔ ገባኝ። እርሷን የሚመስል ሥራ መያዜ ነበር ያሳፈረኝ።

ለእናቴ ደወልኩ። ልጅቷ እኔ ከመሄዴ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር የወጣችው። «ወዴት ሄደች?» አልኳት። «ዓረብ አገር ነው የሚሉ አሉ» አለችኝ። ስልኳ የለንም።

ከዚያ በኋላ «የዚህችን ሴት ልብ አራራልኝ» የሚለው ጸሎት ከአፌ አልወጣ አለ። በማግስቱ ልጆቹ ሲተኙ ወጥ ቤት ወርጄ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራኋት። በተሰባበረ ጀርመንኛ «እሁድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እፈልጋለሁ። ሰባት እሁድ ቀርቶብኛል፤ ሰዓቱም በዝቷል» አልኳት። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደነገጠች። ከማቀዝቀዣው በር ላይ የቀን መቁጠሪያውን አንሥታ ቆጠረች። ከዚያ እንደ መቆጣት ብላ፣ «ሰባት ሳምንት! ለምን አልነገርሽኝም? ደስ ብሎሽ የምትይዣቸው መስሎኝ ነበር እኮ!» አለች። ለካስ እርሷ ከልቧ ስትጠይቀኝ ኖሯል፤ «አይሆንም» ብላት ሌላ ሰው ትፈልግ ነበር። ውሉን ማወቅ የእርሷም ኃላፊነት ነው፤ ያንን አልሸሽግም። ግን ያልነገርኳትን ሐዘን ታውቃለች ብዬ መቀየሜም ልክ አልነበረም።

«ሌላስ የደበቅሽኝ ነገር አለ?» አለችኝ።

«ዳቦው» አልኩ።

የመጀመሪያውን ሌሊት፣ ዳቦ ቆሎውንም ጭምር ስነግራት ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ትንሽም አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ጊዜ ትጠይቀኛለች፤ ልጆቹም «አይንስ፣ ስቫይ፣ ድራይ» እያሉ ይቆጥራሉ። ሦስት ሲደርሱ ነው የምዘረጋው። ሁሉ ነገር ቀና ሆነ ማለቴ ግን አይደለም። አባትየው ከዚያ ወዲህ ሰዓቴን በደቂቃ እየጻፈ መያዝ ጀመረ፤ መብቴን ማክበሩ ቢሆንም ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻው አልለመድኩትም። እሁዶቼን ግን አገኘሁ። ሽቱትጋርት ላይ በመጀመሪያው እሁድ ዝማሬው ሲጀመር ከማልቀስ በቀር ምንም አላደረግሁም።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ተመለስኩ። በ2017 አገባሁ፤ ጌታ ይመስገን፣ ዘንድሮ ልጅ ወልደናል። ወደ ሥራዬ ስመለስ የምታግዘን ልጅ አስፈለገችን። ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተነጋገርን፤ እንዲያውም ከጋብቻችን ወዲህ ረጅሙ ክርክራችን ይኸው ይመስለኛል። የተከራየነው ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነው። በመጨረሻ ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ከፈልነው፤ ባለቤቴም ከመርካቶ ቁልፍ ገዝቶ በሯ ላይ ገጠመ። የሥራ ሰዓቷን በወረቀት ጻፍን። እሁድ የእርሷ ነው፤ የእኛን ምሳ ቅዳሜ ማታ እኔ እሠራለሁ፤ አንዳንዴም ዳቦ በሻይ ይሆናል።

ልጅቷ በመጣችበት ማታ አብረን ለእራት ተቀመጥን። ሁለት ጉርሻ እንኳ በቅጡ ሳትበላ እጇን ሰበሰበች።

«ጨምሪ እንጂ» አልኳት።

«ጠግቤያለሁ እትዬ።»

ባለቤቴ ትሪውን ሊያነሣ ሲል እጁን ያዝኩት። እንደገና ጠየቅኋት። ለሦስተኛም ጊዜ ጠየቅኋት፤ እምቢ አለች። አራተኛው ላይ እጇን ዘረጋች።