ቁልፉ ከዓይናችን ሥር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አማቴን ይዘን ደቡብ ጎንደር ወደሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድን። አማቴ ባላቸውን ካጡ ወዲህ ጨዋታ ትተው ነበር።

ማታ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ልጆቹ ሲሰለቹ ድንገት፣ «እንቆቅልህ!» አሉት ትንሹን።

«ምን አውቅልሽ!»

«ያለ ማገዶ ሲፈላ የሚያድር ድስት?»

ልጁ ጨነቀው።

«አገር ስጠኝ!»

«ደብረ ታቦር!»

«ብርዱን ጉልበቴ አይችለውም፤ ሌላ!»

ባሕር ዳርን ሲሰጣቸው ተቀበሉና፣ «ስትንቦራጨቅበት የዋልህበት ወንዛዬ ነዋ!» አሉት። ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን።

እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓን ኪዮቶ የተጀመረ አንድ ጨዋታ አለ፤ ተጫዋቾች በአንድ ክፍል ተዘግቶባቸው፣ የተደበቁ ፍንጮችን እየፈቱ ሰዓቱ ሳያልቅ ለመውጣት ይጣጣራሉ። የሚጥመውም እንደ አያት እንቆቅልሽ ሲሆን ነው፦ ምሥጢሩ ከቦታው ሲቀዳ፣ መልሱ ከዓይን ሥር ሆኖ «እንዴት ሳላየው!» ሲያሰኝ፣ ትንሹም ትልቁም ድርሻ ሲኖረው።

በዚያች ሌሊት የተከፈተው ግን የአማቴ አንደበት ነበር። በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ «ተነሡ! አገር ያልሰጠኝ ማን ቀረ?» የሚለው ድምፃቸው ቀሰቀሰን።