ጀሞ፦ ዕጣ የመሠረተው ሰፈር

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በሣር ቤትና በመካኒሳ በኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው፣ ጀርመን አደባባይን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ የፉሪ ተራራን ከፊቱ ያገኛል። ከተራራው በወዲህ ባንድ ልክ የተሠሩ፣ ባንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡ፣ እንደ ሰልፈኛ በረድፍ የቆሙ ሕንፃዎች ይታያሉ። የታክሲው ረዳት «ጀሞ አንድ! ጀሞ ሁለት! ጀሞ ሦስት!» እያለ ሲጣራ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ሰፈር የሚጠራ ሳይሆን ቁጥር የሚያስተምር ይመስለዋል።

የሕንፃዎቹ ቁመት በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። ከምድር ቤቱ በላይ 4 ፎቅ ብቻ የሆኑት ያለ አሳንሰር በእግር እንዲወጣባቸው ታስቦ ነው። ግድግዳቸው ብሎኬት ነው፤ ወለላቸውም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በሚመጣ የኮንክሪት አግዳሚና በመካከሉ በሚደረደር ብሎኬት ስለሚሠራ እንጨትና ብረት ይቆጥባል። ይህ ዘዴ በገርጂ የተሞከረው የከተማው አስተዳደር ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከጂ. ቲ. ዜድ ጋር ሆኖ ሲሆን፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ዘመን፣ በ1997 ዓ. ም.፣ ወደ ትልቅ ፕሮግራም ተሸጋገረ። ብሎኬቱን ያመርቱ፣ በርና መስኮቱን ይበይዱ ከነበሩት መካከል በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት የተደራጁ ብዙ ወጣቶች ነበሩ።

ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ ነገሩ ወደ 1967 ዓ. ም. ይመልሰናል። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ትንንሾቹ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ኪራዩ ጥቂት ብር ስለ ነበር ተከራዩ ደስ አለው፤ በዚያ ጥቂት ብር ግን ቆርቆሮ መቀየር እንኳ አልተቻለም። ቤቱ አረጀ፣ ሕዝቡ በዛ፣ አዲስ የሚሠራም እምብዛም አልተገኘ። ስለዚህ በ1997 የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት ከ4 መቶ 50 ሺህ በላይ ሰው መመዝገቡ አያስደንቅም።

ቤቱ የሚታደለው በዕጣ ነው። በኋለኞቹ ዙሮች ከመቶ 30 ለሴቶች፣ 20 ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 ለአካል ጉዳተኞች ተለይቶ፣ የቀረው ለሁሉም ወጥቷል። ባለ ዕድሉ ከዋጋው ከመቶ 20 ይከፍላል፤ ሰማንያውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አበድሮት በየወሩ ይመልሳል። «20/80» የተባለውም ስለዚህ ነው።

ጀሞን የተመለከትኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልብስ በየበረንዳው ተሰጥቷል፤ ከደረጃው ሥር ቡና ይቆላል። በብሎኮቹ መካከል ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የተሠሩ የጋራ ቤቶች አሉ። መሐንዲሱ የአገሩን ልማድ ማሰቡ የሚያስመሰግነው ነው፤ ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ እንጀራውን በየቤቱ በኤሌክትሪክ ምጣድ ስለሚጋግር፣ ካየኋቸው የጋራ ቤቶች አንዱ ሱቅ ሆኗል።

በአንድ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ባለ ቢጫ ጀሪካን ልጅ አስከትለው ሲወጡ አገኘኋቸው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣም ጊዜ ግፊቱ እያነሰ ላይ አይደርስም። ጀሪካኑን ተቀብዬ ስወጣ፣ «ልጄ፣ በድሮው ሰፈሬ ጣራው ያፈስ ነበር፤ እዚህ ጣራውም አያፈስ፣ ቧንቧውም አያፈስ» ብለው ሳቁ። እኚህ እናት ዕጣ ደርሷቸው የገቡ ናቸው። ከሁለቱ መኝታ ክፍሎች አንዱን ለሁለት ወጣት የባንክ ሠራተኞች አከራይተው፣ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ በዚያ ይሸፍናሉ።

እርሳቸው ግን በቤታቸው ውስጥ በመኖራቸው ከብዙዎቹ ይለያሉ። በዚያው ደረጃ ካሉት በሮች አብዛኞቹ የተከራይ ናቸው፦ መምህራን፣ ነርሶች፣ የቢሮ ጸሐፊዎች፣ ሦስት ሆነው አንድ ስቱዲዮ የተካፈሉ ተመራቂዎች። ባለቤቱ የት አለ ቢባል፣ ርካሽ ጓዳ ተከራይቶ ወይም ከዘመድ ተጠግቶ ይኖራል። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። ደመወዙ ለባንክ ዕዳና ለቀለብ ያልበቃው ሰው፣ ቤቱ ራሱን እንዲከፍል ማድረጉ ሒሳብ ማወቁ ነው። ለድኃ የተሠራው ቤት ግን ድኃውን አላስቀመጠም።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ችግር በደረጃው ላይ ይታያል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ ጣራውንና ግቢውን የሚያስተዳድር ማኅበር እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ አባላቱም ባለቤቶች ናቸው። በጨለማ ደረጃ የሚሰናከለው ተከራይ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ባለቤት ደግሞ በዚያ ደረጃ አይወጣም። አምፖሉ ከተቃጠለ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው ብጠይቅ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ወር ነገሩኝ። ዕድሩ ግን ካርታ አይጠይቅም፤ ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ሲቸግረው ድንኳኑ ይተከልለታል።

አሁን ስለ እኛ ስለ ወጣቶቹ። ሁለተኛው ታላቅ ምዝገባ የተካሄደው በ2005 ዓ. ም. ነው። ዛሬ 25 ዓመት የሆነው ሠራተኛ ያን ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ በመዝገቡ ላይ ስሙ ሊኖር አይችልም። ስማቸው ያለውም ቢሆኑ ብዙ ጠብቀዋል። በየካቲት 2011 ለ51 ሺህ ያህል ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ በኮዬ ፈጬ ቤቶች ምክንያት በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ተነሣ፤ ከመሬታቸው የተነሡ ገበሬዎች ነገር ገና አልተዘጋምና። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ ደግሞ በኮምፒዩተሩ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሰረዘ፤ እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው።

እንግዲህ ለወጣቱ የቀረው በር የደላላው ነው። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስና ዋጋውም ባለቤቱ ደስ እንዳለው እንዳይጨመር ስለ ደነገገ፣ ለተከራይ ታላቅ እፎይታ ነው፤ ውሉን በጽሑፍ ማድረግንና ማስመዝገብን የሚዘነጋ ግን ብዙ ነው። ታክሲ ስጠብቅ አንድ ደላላ ቀረበኝና «ወንድሜ፣ ስቱዲዮ ነው ባለ አንድ?» አለኝ። የምድር ቤቱ፣ የሁለተኛው ፎቅ፣ የአራተኛውም ዋጋ ለየቅል ነው። አራተኛው ለምን እንደ ረከሰ ብጠይቀው፣ ዓይኑን ወደ ደረጃው አነሣና «ጀሪካን መሸከም ትችላለህ?» ሲል መልሶ ጠየቀኝ።