የመኪና ሁለተኛ ዋጋ

አንድ ሰው አዲስ መኪና የገዛ እንደሆነ ወዳጅ ዘመዱ ተሰብስቦ የሚያቀርብለት ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ይኸውም «ስንት ገዛሃት?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚያገኘው መልስ የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። መኪና ሁለት ዋጋ አላት። አንደኛው በሻጩ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ቀን ተቆጥሮ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቷ በየሳምንቱና በየወሩ በውሃ፣ በዘይት፣ በጊዜና በትጋት የሚከፍለው ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ሻጩ ይነግረናል። ሁለተኛውን የሚወስነው ግን መኪናዋ የምትኖርበት ምድር ነው። ይህንን ያስተማረችኝ የጅቡቲ ከተማ ናት።

ጅቡቲ ከጥንት ጀምሮ የመኪና በር ሆና ኖራለች። ቤዲ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1907 ማብቂያ ላይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት አውቶሞቢል በ1908 መጀመሪያ አዲስ አበባ የገባችው በዚህችው የባሕር በር በኩል አልፋ ነው። ዛሬም ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ ነው። እኔም በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከመርከብ እየወረዱ በፀሐይ ላይ የሚሰለፉትን መኪኖች ስቆጥርና ሰነዳቸውን ሳዘጋጅ ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። በቀን ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ መኪኖች በእጄ ሲያልፉ ከቤቴ ደጃፍ ግን አንዲትም አልነበረችም።

መኪና እንድገዛ ያስገደደኝ የልጄ ሕመም ነው። ትንሿ ልጄ አስም አለባት። በጅቡቲ በበጋው ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ካምሲን የሚባለው ነፋስ ከበረሃው ተነሥቶ ይነፍሳል። ቃሉ በዐረብኛ «አምሳ» ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ አቧራውም ሰማዩን ያለብሰዋል። ቤታችን በባልባላ፣ ከከተማው መካከል ርቆ በሚገኘው ሰፊ መንደር ውስጥ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ልጅቷ ትንፋሽ ሲያጥራት ታክሲ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ መሮጥ፣ ከዚያም ቆሞ መጠበቅ ለአባት እጅግ የከበደ ነገር ነው። ስለዚህ እኔና ባለቤቴ መክረን፣ ከደመወዛችን እየቀነስን ስድስት ዓመት ቆጠብን። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምንዛሪው በአንድ የአሜሪካ ዶላር 177.721 ሆኖ የጸና በመሆኑ፣ ያጠራቀምነው ገንዘብ ኃይሉን ሳያጣ ጠበቀን።

ገንዘቡ ከሞላ በኋላ የመጣው ጥያቄ ምን ዓይነት መኪና እንግዛ የሚል ነበር። በጅቡቲ ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት መኪኖች በብዛት ይታያሉ። አንደኛው እንደ ላንድ ክሩዘር ያለው፣ አካሉ በጠንካራ ሻሲ ላይ የተጫነ የመስክ መኪና ነው፤ ድንጋይና አሸዋ አይበግረውም፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ ነዳጅም ይፈጃል። ሁለተኛው «ክሮስኦቨር» እየተባለ የሚጠራው ነው። ይህ ዓይነቱ ከውጭ ሲያዩት የመስክ መኪና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን የቤት አውቶሞቢል ነው፤ ምክንያቱም አካሉና ሻሲው አንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ከፍ ብሎ ስለሚቆም ጉድጓድና የጎርፍ ወንዝ መሻገሪያ ያልፋል፤ ቀላል ስለሆነም ነዳጅ ይቆጥባል። በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው ቶዮታ ራቭ ፎር ከዚህ ዓይነት ፈር ቀዳጆች አንዷ ናት። እኛ በከተማ ውስጥ የምንኖር፣ በዓመት አንድ ጊዜ በደወሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ የምንመኝ ሰዎች ስለሆንን ሁለተኛውን መረጥን።

ከመግዛታችን በፊት ግን አንድ ሽማግሌ መካኒክ አማከርኩ። እኚህ ሰው በወጣትነታቸው በድሬዳዋ የሽማንደፈር ጋራዥ ውስጥ የሠሩ፣ በኋላም ወደ ጅቡቲ ተሻግረው የኖሩ ናቸው። የያዝኩትን ሥዕል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ተመለከቱና፣

«ልጄ፣ መኪናዋን ከመውደድህ በፊት የመለዋወጫ ዕቃዋ የሚሸጥበትን ሱቅ ፈልግ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አዲስ መኪና እኮ ናት፤ አሁን ምን ዕቃ ያስፈልጋታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በዚህ አገር አዲስነት የሚቆየው እስከ መጀመሪያው ሐምሌ ነው» ብለው ሣቁ።

ምክራቸውን ተቀብዬ ሻጩን ስለ መለዋወጫ ዕቃ ጠየቅሁት። ሁሉም በመጋዘን ውስጥ እንዳለ አረጋገጠልኝ። በአሥራ አራተኛው ወር አንዲት ጠጠር ከጭነት መኪና ጎማ ሥር ተፈናጥራ የማቀዝቀዣውን ኮንደንሰር በሳችው። ሻጩ በመጀመሪያ ይህ ጉዳት በዋስትናው ውስጥ አይካተትም አለ፤ ቀጥሎም ዕቃው ከውጭ አገር መምጣት እንዳለበት ነገረኝ። የመጣውም ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ግንቦት አልቆ ሰኔ ገባ፤ ሙቀቱም በየቀኑ ከፍ እያለ ሄደ። ከዚህ በኋላ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወዳጅ ሲያገኘኝ የምነግረው አንድ ነገር አለ፤ የሻጩ ተስፋ በወረቀት ላይ ይስፈር፤ ዋስትናው ምን እንደሚሸፍን ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይሸፍንም ይነበብ።

ከመኪናዋ ጋር የተሰጠኝ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ ነው። ብዙ ባለ መኪና ይህንን መጽሐፍ ከመሳቢያው አያወጣውም። እኔ ግን ሰነድ ማንበብ እንጀራዬ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። በመካከሉ «በአስቸጋሪ ሁኔታ ለሚነዱ» የሚል አንድ ገጽ አገኘሁ። አስቸጋሪ የተባሉትም ብርቱ ሙቀት፣ አቧራ፣ ጨዋማ አየርና በአጭር መንገድ ደጋግሞ መመላለስ ናቸው። ገጹን ሳነብ ጅቡቲን የሚገልጽ መሰለኝ። በሌላ ስፍራ በ10,000 ኪሎ ሜትር የሚለወጠው የሞተር ዘይት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው በ5,000 እንዲለወጥ መጽሐፉ ያዛል። የአየር ፊልትሮውም ቀኑ ሳይደርስ መታየት አለበት። ሞተር ልክ እንደ ሰው አየር ይስባል፤ በግራንድ ባራ ሜዳ ላይ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ፊልትሮውን ሲደፍነው ኃይሉ ይደክማል፤ ነዳጅም ይበላል። ተሳፋሪው የሚተነፍሰውን አየር የሚያጣራ ሌላ ትንሽ ፊልትሮ ደግሞ አለ። ስለ ልጄ ስል እርሱን ከሁሉ አስቀድሜ እለውጣለሁ።

ሙቀትና አቧራ በዓይን ይታያሉ፤ ጨው ግን አይታይም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት መኪና በዚያው ዓመት ገዝታ ነበር። ቤቷ ከባሕሩ ዳር ነው። በሦስተኛው ዓመት ሁለቱ መኪኖች በአንድ ቀን በሽማግሌው ጋራዥ ተነሥተው ከሥራቸው ሲታዩ፣ የእርሷ ማርሚታና ብሎኖች በዝገት ቀልተው ተገኙ። ጨው እርጥበትን ይስባል፤ ጨው የገባበት ውሃም ብረትን ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ፈጥኖ ያዝገዋል። ባልደረባዬ የመኪናዋን ላይ በየቀኑ ትጠርግ ነበር፤ ጨው የሚያድረው ግን ከሥር ነው። በተለይ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው፣ ጨውነቱ የባሕርን ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ወደሚሆነው ወደ አሳል ሐይቅ ለሽርሽር ሄዶ የተመለሰ ሰው፣ መኪናውን ከሥሩ በንጹሕ ውሃ ሳያጥብ ባያድር ይሻለዋል። ውሃ በብርቱ በሚፈለግበት ከተማ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ቢሆንም ከዝገት ይረክሳል።

ሽማግሌው ካስተማሩኝ ሁሉ ያስገረመኝ የራዲያተሩ ነገር ነው። በረዶ በማይታወቅበት አገር በረዶን የሚከላከል ፈሳሽ ራዲያተር ውስጥ መጨመር ከንቱ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ያው ፈሳሽ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ100 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ የሞተሩን የውስጥ ብረትም ከዝገት ይጠብቃል። ስለ ጎማም እንዲሁ ብዙ ሰው የማያውቀው ምልክት አለ። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት መካከል አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ያመለክታሉ። ለምሳሌ 3523 ተብሎ ቢጻፍ በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ እንኳ በሐሩር ብዙ ዓመት ከተቀመጠ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም። ነፋሱም የሚለካው በማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ ነው፤ ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራልና።

ይህን ሁሉ ከጋላፊ መንገድ ሾፌሮች የበለጠ የሚያውቅ የለም። እነዚህ ኢትዮጵያውያን ከባድ ጭነት ይዘው ከወደቡ ወደ ደጋው የሚወጡ ናቸው። ማለዳ ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት መኪናቸውን ይዞራሉ፤ እያንዳንዱን ጎማ በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ ጎንበስ ብለው ዘይት የጠበጠበ መሆን አለመሆኑን መሬቱን ያያሉ። አንዱን «በየቀኑ ይህን ማድረግ አይሰለችህም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ እዚህ አምስት ደቂቃ ያልሰጠኋት መኪና በረሃው መሀል አንድ ቀን ትወስድብኛለች» አለኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። እኔም ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየማለዳው መኪናዬን ሳልዞር ቁልፍ አላዞርም።

በሦስተኛው ዓመት ካምሲን ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ባትሪውን ለማስመርመር ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ባትሪው በዚያ ማለዳ ሞተሩን ያለ ችግር አስነሥቷል። ሽማግሌው ግን መለኪያቸውን አምጥተው ገጠሙት። ሞተሩ ባልተነሣበት ጊዜ መለኪያው 12.4 ቮልት አሳየ፤ ቁልፉን ሳዞር ግን ከ9 በታች ወረደ። «ሙቀት በውስጡ ያለውን ኬሚካል ያፋጥነዋል፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ሳይናገር ነው የሚሞተው» አሉኝ። ገና ስለሚሠራ ገንዘቡ አሳዘነኝ፤ ሆኖም አዲስ ባትሪ አስገባሁ።

ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ፣ ሌሊት በስምንት ሰዓት ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋ በየትንፋሹ ይነሣል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። መድኃኒቷን ነፋንላት፤ አልረዳትም። ውጭ ነፋሱ አቧራውን በጎዳናው ላይ ይነዳል፤ ሰውም ታክሲም አይታይም። ተሸክሜ ወደ መኪናዋ አስገባኋትና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ በመጀመሪያው አዙሪት ተነሣ። መስኮቱን ዘግተን፣ ንጹሑን ቀዝቃዛ አየር ከፍተን በአምቡሊ በኩል ወደ ከተማው ወረድን። ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ኦክሲጅን ሰጠቻት፤ ሲነጋም ልጅቷ ውሃ ጠየቀች። ሐኪሙ ወደ እኔ ዘወር ብሎ «በጊዜ ደርሳችኋል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረም።

አሁን ወደ ሥራዬ ስመለስ በወደቡ የሚሰለፉት መኪኖች እየተለወጡ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ ወደ ደጋው የሚሻገሩት በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ናቸው። እነዚህ የሞተር ዘይትም ካንዴላም አይጠይቁም። ነገር ግን የእነርሱም ትልቅ ባትሪ ብርቱ ሙቀትን አይወድም፤ ጎማቸውም ይደርቃል፤ ፍሬናቸውም ይመረመራል። አውቶሞቢል ሠሪው ዘዴውን ቢለውጥም ምድሪቱ ጠባይዋን አትለውጥም።

ስለዚህ መኪና የሚገዛ ሰው ከሻጩ ዋጋ በተጨማሪ ምድሪቱ የምትጠይቀውን ዋጋ አስቀድሞ ያስላ። ያ ዋጋ ጥቂት በጥቂት የሚከፈል ስለሆነ ሰው ሊዘልለው ይፈተናል። ዕዳው ግን አይሰረዝም፤ ተጠራቅሞ በአንድ ሌሊት ሊጠየቅ ይችላል። ያን ጊዜ ምን ያህል ገንዘብ ቢኖር መክፈያው ሰዓት አልፎበታል።